በግድብ ላይ የሚያልፍ መንገድ፣ በመንገድ ሥር የሚያልፍ ውሃ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የረጅም ዘመናት ትግል ከሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች መካከል ሁለቱ መንገድና ግድብ ናቸው። መንገድ የተሠራው ርቀትን ለማሸነፍ ነው፤ ግድብ የተሠራው ጊዜን ለማሸነፍ ነው። አንደኛው እዚህ ያለውን እዚያ ያደርሳል፤ ሁለተኛው የክረምቱን ለበጋ ያቆያል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሸለቆ ውስጥ በተገናኙ ቁጥር በመካከላቸው ቅራኔ መፈጠሩ አይቀርም። መንገድ ውሃን ይፈራል፤ ቶሎ ከአጠገቡ እንዲርቅለት ይፈልጋል። ግድብ በአንጻሩ ውሃን ይዞ ማስቀረት ነው ሥራው። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ግንብ ላይ ማስታረቅ ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ የት፣ በምን ሁኔታና በማን ኃላፊነት? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በይፋት ቆላ ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ለመመርመር ይሞክራል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ደጋው በድንገት ያበቃል። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ያሳልፈዋል። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲናን፣ ከዚያም አርማንያን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረው ሰው 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ካፖርቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ሸዋ ሮቢት ስትደርስ አየሩ ሌላ፣ አዝርዕቱ ሌላ፣ የሰዉም አካሄድ ሌላ ነው። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ፓፓያ፣ ሙዝና ትምባሆ የሚበቅልበት አገር ነው።

መንገደኛው በመኪና የወረደውን ይህን ሁሉ ቁልቁለት ውሃም ይወርደዋል። በደጋው ጠርዝ ላይ የዘነበው ዝናብ ሰዓታት ሳይፈጅ ቆላው ላይ ይደርሳል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ የሚባሉት ወንዞች ሁሉ ከምዕራቡ ተራራ ተነስተው አውራ ጎዳናውን አቋርጠው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያቀናሉ። መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ውሃው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ይፋት ማለት እንግዲህ የሁለቱ መስቀለኛ ነው። ሁለቱም የሚያልፉበት፣ ሁለቱም የማያድሩበት አገር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይፋት በመንገድ ላይ መኖርን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያው በዚሁ ቆላና በጠርዙ ላይ ነበር። የወላስማ ነገሥታት የገዙት የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉን ያገኘው ይህን መተላለፊያ በመያዙ ነው፤ የከተሞቹ የድንጋይ ፍርስራሾች ዛሬም በሸዋ ሮቢት አካባቢ ባሉ ኮረብታዎች ላይ ይታያሉ። አሁን ያለው አውራ ጎዳና ግን የሌላ ዘመን ሥራ ነው። ወራሪው የፋሺስት ኢጣልያ ኃይል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ዘመን ዋሻውን ሲበሳና መንገዱን ሲቀድድ ዓላማው ጦሩንና ስንቁን በፍጥነት ማድረስ ነበር። የይፋት ገበሬ በበጋ ምን ይጠጣል የሚለው ጥያቄ በንድፉ ላይ አልሰፈረም። ከነጻነት በኋላም፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ጥገናውና ማሻሻያው በአገር ተቋም እጅ ከገባ ወዲህ፣ የሥራው ሕግ በመሠረቱ አልተለወጠም። ሕጉም ድልድዩ ከጎርፉ ከፍ ይበል፣ ቱቦው ውሃውን ቶሎ ያሳልፍ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ ይቆይ የሚል ነው።

ለመንገድ መሐንዲሱ ይህ ሕግ ትክክል ነው። ውሃ የገባበት መንገድ ዕድሜ የለውም። ስህተቱ የሚጀምረው ውሃው ከቱቦው ከወጣ በኋላ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የእናቴ ወንድም ከአውራ ጎዳናው ወደ ምሥራቅ በሚገነጠል አንድ የጠጠር መንገድ ዳር ያርሳሉ። ለዓመታት ውጭ አገር በትምህርት ላይ ቆይቼ ስመለስ በአንድ የበጋ ወር ልጠይቃቸው ወረድኩ። ከማሳቸው ራስጌ መንገዱን የሚያቋርጥ አንድ የኮንክሪት ቱቦ አለ። ከቱቦው አፍ ጀምሮ ሰው ቆሞ የማይታይበት ጥልቀት ያለው ቦረቦር የማሽላውን እርሻ ለሁለት ከፍሎታል።

«ጋሼ፣ ይህ ቦረቦር መቼ መጣ?» አልኳቸው።

«መንገዱ ሲመጣ መጣ፤ አብረው ነው የመጡት።»

«እንግዲያ መንገዱን ይጠሉታል ማለት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! ማሾዬን ገበያ የሚያደርስልኝ እሱ አይደል? እህትህ ምጥ የያዛት ጊዜ በምን ሄደች? በሱ አይደለም?» አሉና በትራቸውን ወደ ቦረቦሩ ቀሰሩ። «በክረምት ውሃው መሬቴን ይዞብኝ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ልጆቹ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ያው አንዱ ውሃ ነው እኮ ልጄ!»

ያመለከቱባቸውን ቢሮዎች እዚህ ማንሳቱ አይጠቅምም። ባጭሩ፣ አንደኛው የእኔ ኃላፊነት ከቱቦው አፍ ላይ ያበቃል ብሏቸዋል፤ ሌላኛው ደግሞ ከመንገድ የመጣ ውሃ የእኔ ውሃ አይደለም ብሏቸዋል። በዚህ አነጋገር በቱቦው አፍና በእርሻው ድንበር መካከል ያለችው መሬት የማንም አይደለችም ማለት ነው። ቦረቦሩም የሚያድገው በዚችው መሬት ላይ ነው። ይህ የአንድ ሹም ስንፍና ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ላይ ላዩን ማየት ይሆናል። የችግሩ ሥር ሥራው የተከፋፈለበት መንገድ ነው፤ መንገድ ለብቻ፣ ውሃ ለብቻ፣ እርሻ ለብቻ ይታቀዳል፤ ተፈጥሮ ግን ይህን ክፍፍል አታውቀውም።

በዓለም ላይ መንገድና ግድብን በአንድ ግንብ ላይ ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው። ከእኛው ዓባይ ውሃ ላይ በሱዳን የተሠራውና በ1917 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የሰናር ግድብ በአናቱ ላይ የባቡር ሐዲድ ተሸክሟል። እኔ ራሴ በዓይኔ ያየሁት ግን የኡጋንዳውን ነው። በ2008 ዓ.ም. ከካምፓላ ወደ ናይሮቢ በአውቶቡስ ስጓዝ ጂንጃ ስንደርስ ነጩን ዓባይ የተሻገርነው በድልድይ ሳይሆን በኦዌን ፎልስ ግድብ አናት ላይ ነበር። በአንድ በኩል የተኛ ውሃ፣ በሌላው በኩል አረፋ እየደፈቀ የሚወርድ ውሃ ይታያል፤ በመካከሉ ነዳጅ የጫኑ ተሳቢዎች፣ አውቶቡሶችና ሙዝ የተሸከሙ ብስክሌቶች ይርመሰመሳሉ። ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ኡጋንዳዊ ሠራተኛ አገሩ መብራትም መንገድም ከዚችው አንዲት ግንብ እንደምታገኝ በኩራት ነገረኝ።

ኩራቱ ተገቢ ነበር፤ ስጋቱም እንዲሁ። ግድቡ በ1946 ዓ.ም. ሲመረቅ በላዩ ያልፉ የነበሩት መኪኖች ጥቂቶችና ቀላሎች ነበሩ። ከ60 ዓመት በኋላ ከሞምባሳ ወደብ ወደ ካምፓላ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሩዋንዳ የሚሄደው ጭነት አብዛኛው ያልፍ የነበረው በዚሁ አናት ላይ ነው። አንድ ተሳቢ ቢገለበጥ የአገሪቱ ዋና የንግድ መሥመር ይቆማል፤ ግንቡ ቢሰነጠቅ ደግሞ መንገዱም ኃይሉም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ኡጋንዳ በጃፓን ብድር ከግድቡ አጠገብ 525 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ሠርታ በጥቅምት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. መረቀች። በአሜሪካም ሁቨር በተባለው ትልቅ ግድብ አናት ላይ ያልፍ የነበረው አውራ ጎዳና ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው፤ በ1994 ዓ.ም. መባቻ ከደረሰው የኒው ዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ ከባድ ጭነት መኪናዎች በግድቡ ላይ እንዳያልፉ ተከለከሉ፤ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. መንገዱ በሙሉ ወደ አዲስ ድልድይ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለቱ አገሮች መንገዱን ከግድቡ ያወረዱት መጀመሪያ ማገናኘታቸው ስህተት ስለነበረ አይደለም። አቅም ባነሰበት ዘመን አንዱ ግንብ የሁለት ሥራ መሥራቱ ቁጠባ ነበር። የተለወጠው ሁኔታው ነው። ጭነቱ ሲያድግ ትናንት መፍትሔ የነበረው ነገር ዛሬ እንቅፋት ሆነ። ስለዚህ ከዓለም ልምድ ለይፋት አንድ ነገር እንወስዳለን ከተባለ፣ የሚወሰደው ግንቡ ሳይሆን መለኪያው ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ጭነት፣ ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል አደጋ የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የአዲስ አበባ - ደሴ አውራ ጎዳና የግድብ ተሸካሚ ሊሆን አይገባውም፤ በዚህ ላይ ማወላወል የለም። አንደኛ ነገር፣ ይህ መንገድ ለሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደም ሥር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የመንገዱ መቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ነዋሪ በራሱ ላይ አይቶታል። ሁለተኛው ምክንያት ከምድሩ ራሱ ይመጣል። ይፋት የተቀመጠው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ፣ የካራቆሬን ቤቶች ግማሽ ያህሉን ጥሎ፣ ከካራቆሬ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ አበላሽቶት ነበር። ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ የሚመስለው ካለ የ2017 ዓ.ም.ን በጋ ያስታውስ፤ በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ምድር በየዕለቱ ስትንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል፤ ከሸዋ ደጋ በሚመነጨው የከሰም ወንዝ ላይ የተሠራውና 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው ግድብ ጉዳይም የብዙ ሰው እንቅልፍ ነስቷል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ዋናውን የአገር መንገድና ትልቅ የተጠራቀመ ውሃን በአንድ ግንብ ላይ መጫን ሁለት ስጋትን አንድ ላይ ማሰር ነው።

ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ ማለት ነውን? አላበቃም። ዋናው ቁም ነገር ገና አሁን ይጀምራል።

ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የሚገነጠሉ የወረዳና የቀበሌ መንገዶች አሉ። ቁጥራቸው የበዛው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ካቀደ ወዲህ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ በቀን የሚያልፈው መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። የሚያቋርጧቸው ወንዞች ደግሞ በአብዛኛው በክረምት ለጥቂት ሰዓታት ደፍርሰው የሚመጡ፣ በበጋ ደረቅ የአሸዋ አልጋ የሚሆኑ ናቸው። በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ረጅም ድልድይ መሥራት ወጪው አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጎርፉ በላዩ የሚያልፍበት ዝቅ ያለ የኮንክሪት መሻገሪያ ነው። ጎርፉ ሲመጣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ጎርፉ ሲያልፍ መኪናው ይሻገራል።

እንግዲህ ይህ መሻገሪያ ከወንዙ አልጋ ጋር እኩል ከመሆን ይልቅ ከአሸዋው በላይ በመጠኑ ከፍ ተደርጎ፣ በሥሩም ቀዳዳ ሳይኖረው እስከ አለቱ ድረስ ቢገነባ ምን ይሆናል? በክረምት ደፍርሶ የሚመጣው ጎርፍ ግንቡ ሲገታው ይዝላል። ከባዱ አሸዋ ከግንቡ ጀርባ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ጭቃ ከውሃው ጋር በላዩ ተሻግሮ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ክረምት ሲያልፍ ከግንቡ ራስጌ ያለው ወንዝ በአሸዋ ይሞላል። ያልለመደ ዓይን ሲያየው ግድቡ በደለል ተደፍኖ ሞቷል ይላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ግድቡ ሥራውን የጀመረው ያኔ ነው። ምክንያቱም በሻካራ አሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ውሃ ይቀመጣል፤ ከአሸዋው መጠን ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ይህን ውሃ አታገኘውም። ከአሸዋው ወለል ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ በኋላ ወደ ትነት የሚሄደው በጣም ትንሽ ነው። ከብት አይረግጠውም፤ የወባ ትንኝም እንቁላሏን አትጥልበትም።

ይህ ከሰማይ የወረደ እውቀት አይደለም። በኬንያ ደረቅ አውራጃዎች፣ በኪቱይና በማኩዌኒ፣ ሕዝቡ ከባለሙያ ጋር ተባብሮ እንዲህ ያሉ የአሸዋ ግድቦችን በብዛት ሠርቷል፤ መንገድ የሚያልፍባቸውም አሉ። በአገራችንም ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል፣ የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬ፣ ወደ እርከንና ወደ ጉድጓድ የመቀልበስ ሥራ ከዓመታዊው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጋር ተያይዞ ተሞክሯል። ከሁሉም በላይ ግን የይፋት እናቶች ይህን ያውቁታል። በበጋ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ በእጃቸው ጭረው፣ ጥልቀቱ እስከ ክንዳቸው ሲደርስ የሚጠራቀመውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን የሚሞሉት እነርሱ አይደሉምን? አሸዋ ውሃ እንደሚያቆይ መሐንዲሱ ከመናገሩ በፊት እነርሱ ሲጠጡት ኖረዋል። የጎደለው አሸዋውን የሚይዝ ግንብ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ ወንዙ 20 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ አሸዋው ከግንቡ ወደ ላይ 500 ሜትር ድረስ ይተኛ፤ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ይህ 10,000 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው። ሩቡ ውሃ ቢሆን 2,500 ሜትር ኩብ፣ በሊትር ሲሰላ 2,500,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን 125,000 ጊዜ ትሞላለች ማለት ነው። ወደ ዳርቻው መሬት ሰርጎ የጉድጓዶችን ውሃ ከፍ የሚያደርገው እዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም። መንገዱ ወንዙን መሻገር ስላለበት ግንቡ ከነወጪው የሚሠራ ነው፤ ለውሃው የሚጨመረው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር የበዛ አይደለም።

ሆኖም ነገሩን አሳምሮ ብቻ መናገር አንባቢን መናቅ ነው። የአሸዋ ግድብ የሚከሽፍበት ምክንያት ብዙ ነው። አለት በሌለበት ቦታ ከተሠራ ውሃው ከሥሩ ይሾልካል። ክንፎቹ ወደ ዳርቻው በበቂ ሁኔታ ካልገቡ ወንዙ ግንቡን ትቶ ጎኑን ቆርጦ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ መንገዱም ግድቡም ደረቅ ላይ የቆሙ ሐውልት ይሆናሉ። ከግርጌው በኩል ውሃው የሚወድቅበት ቦታ በድንጋይና በጋቢዮን ካልተነጠፈ ከሥሩ እየቦረቦረ ይጥለዋል። ራስጌው ያለው መሬት ሸክላ የበዛበት ከሆነ የሚጠራቀመው አሸዋ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ውሃውን አይለቅም። ግንቡን በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ መሥራትም ይህንኑ ጭቃ ያስቀራል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ ግንቡ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ የሚያድገው። መንገድ የሚያልፍበት ከሆነ ግን በየዓመቱ ማሳደግ አይመችም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ከፍታውን ዝቅ አድርጎ መወሰን ያሻል። መንገዱ የተወሰነ ነገር ይተዋል፣ ውሃውም የተወሰነ ነገር ይተዋል።

ሌላም አደጋ አለ። ጎርፍ በላዩ በሚያልፍበት መሻገሪያ ላይ የቸኮለ ሾፌር ሕዝብ ጭኖ ይገባል። የጉልበት ቁመት የማይሞላ ውሃ ሚኒባስን ሊገፋ እንደሚችል ብዙ ሾፌር አያምንም። የውሃውን ከፍታ የሚያሳዩ ቀይና ነጭ የተቀቡ ምሰሶዎች ከግራና ከቀኝ ሳይተከሉ፣ ቀዩ ከተሸፈነ መኪና እንዳይገባ የሚያግድ ሰው በቀበሌው ሳይመደብ፣ መሻገሪያው ተሠራ መባል የለበትም። አሸዋው ሲጠራቀም ደግሞ የአሸዋ ነጋዴው መኪናውን ያስጠጋል። ያ አሸዋ ለግንባታ የሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን የውሃ ማጠራቀሚያው ራሱ መሆኑን ቀድሞ ያልወሰነ ማኅበር በአንድ በጋ ግድቡን በገልባጭ ጭኖ ይሸጠዋል።

እዚህ ላይ ወደ ባለቤትነት ጥያቄ እንመለሳለን። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይ ግድብ ርዝመቱ 1,780 ሜትር መሆኑን የማያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው። መሠረቱ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ወዛደሩ የወር ደመወዙን፣ የቀበሌው ነዋሪ ከዕለት ጉርሱ የተረፈውን ቦንድ ገዝቶበታል። ስለዚህ «ግድቤ» ይላል፤ ማለቱም እውነት ነው። የቀበሌውን መሻገሪያ ግን «መሻገሪያዬ» የሚል የለም። የሠራው ተቋራጭ ሄዷል፤ የተረከበው መሥሪያ ቤት ሩቅ ነው፤ ሕዝቡ በሚያልፍበት ጊዜ ብቻ ያስታውሰዋል። ትልቁን ሥራ የራሱ ያደረገ ሕዝብ ትንሹን የሌላ ሰው አድርጎ የሚያይበት ምክንያት የንቃት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በትንሹ ሥራ ላይ ማንም አስተያየቱን ስላልጠየቀው ጭምር ነው። የመንገዱ ንድፍ ሲወጣ በየትኛው ጎርጅ አለት እንዳለ፣ በየትኛው ክረምት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ፣ በበጋ አሸዋው የት ላይ ሲጫር ውሃ እንደሚሰጥ የሚያውቁት በስብሰባው ላይ አልነበሩም። በመስኖ በሚለማው የይፋት መሬት የውሃውን ተራ የሚያስከብሩ የውሃ አባቶች አሉ፤ ቀያሹ ከመሣሪያው በፊት መጠየቅ የነበረበት እነርሱን ነው።

እናንተ የማኅበር አባላት፣ በተለይም በየወረዳው ለአዲስ መንገድ የድጋፍ ፊርማ የምታሰባስቡ፣ በስብሰባው ላይ መንገዱ መቼ ይመጣል ከማለታችሁ ጋር ውሃው ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። ቱቦው በማን ማሳ ላይ እንደሚፈስስ በካርታው ላይ አሳዩን በሉ። ጥያቄው ለመሐንዲሱ እንግዳ አይደለም፤ በሙያው መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። የሚያነሳው ሰው ሲጠፋ ግን ርካሹ መንገድ ይመረጣል፤ ርካሹም ውሃውን ለጎረቤት ማሳ መስጠት ነው።

ከአጎቴ ጋር በማግስቱ ወንዙ ድረስ ወረድን። መንገዱ የሚሻገርበት ቦታ ላይ አሸዋው በጎርፍ ተጠርጎ ጥቁሩ አለት ከዳር እስከ ዳር ብቅ ብሏል። ከእርሱ ከፍ ብሎ ሁለት ልጃገረዶች አሸዋ ጭረው አጎንብሰው ውሃው እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ። የነገርኳቸውን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ ጋሼ በትራቸውን አለቱ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

«እዚህ ላይ ነው የምትለው?»

«አዎ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።»

«ድንጋዩ አለ። ጉልበቱም አለ፤ በጥር ለተፋሰስ ሥራ እንወጣ የለም? ሲሚንቶው ግን ስንት ኩንታል ይፈጃል?»

አላውቅም አልኳቸው። ጠይቄ እንድልክላቸው አስማሉኝ፤ ከዚያ የወንዙን ስፋት በእርምጃ መለካት ጀመሩ።